ስድስት ፊደል የሚያህል ጂን ጅማሬ

የክሎሮፕላስትን ጂኖም የሚያነብ ባለሙያ ብዙ የሚደክመው በረጃጅሞቹ ጂኖች ላይ አይደለም። ፔት-ቢ የሚባለውን ጂን እንውሰድ። በአበባ ተክሎች ውስጥ የመጀመሪያ ቁራጩ 6 የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ነው፤ ቀጥሎ በመቶዎች የሚቆጠር ፊደል ያለው ኢንትሮን ይመጣል፤ ዋናው የጂኑ አካል የሚገኘው ከዚያ ወዲያ ነው። ኮምፒውተር እነዚያን ስድስት ፊደላት ብዙ ጊዜ ዘሏቸው ያልፋል። ውጤቱን ሳይመረምር የሚቀበል ሰው ጂኑን ያለ ራስ መዝግቦ ያስቀምጠዋል።

ክሎሮፕላስት ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው የሕዋስ ክፍል ነው፤ የራሱ ዲኤንኤ አለው። ኢንትሮን ደግሞ በጂኑ መሃል ገብቶ የሚገኝ፣ ፕሮቲን ከመሠራቱ በፊት የጂኑ ቅጂ ከሆነው አርኤንኤ ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል ነው።

ለምዕራብ ሸዋ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ጥቅምት ላይ በጊንጪና በአምቦ ዙሪያ ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ የክሎሮፕላስት ጂኖሙ ተነቦ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከ151 ሺህ ፊደል በላይ ነው። የጂኖቹ አሰላለፍም የዘር ሐረጉን ይናገራል። በ1987 እ.ኤ.አ. ሮበርት ጃንሰንና ጄፍሪ ፓልመር በሰላጣና በዘመዶቹ ክሎሮፕላስት ውስጥ ወደ 22 ሺህ ፊደል የሚሆን ክፍል ተገልብጦ መቀመጡን አሳዩ። ኑግም ሆነ የሱፍ አበባ ይኸው ግልባጭ አላቸው። ሰላጣ፣ ኑግና የሱፍ አበባ ከሚመደቡበት የዕፅዋት ቤተሰብ ግልባጩ የሌላቸው በደቡብ አሜሪካ የሚበቅሉት ባርናዴዚያና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ በዚህም ከቤተሰቡ ቀድመው የተለዩት እነሱ እንደሆኑ ታወቀ።

አርፒኤስ-12 የተባለው ጂን ከፔት-ቢም ይብሳል። ቁራጮቹ በጂኖሙ ላይ ተራርቀው ይገኛሉ፤ አርኤንኤያቸው ለየብቻ ተሠርቶ ኋላ ይገጣጠማል። ትር-ኤን-ኤል በሚባለው ጂን መሃል ያለው ኢንትሮን ደግሞ ዕድሜው የሚያስደንቅ ነው፤ የክሎሮፕላስት ምንጭ በሆኑት በሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያዎች ውስጥም አለ። የገበሬው ኑግ ይህን ያህል ጥንታዊ ምልክት ተሸክሞ ይበቅላል።

አልጌዎች ዘንድ ሲደረስ ግን ልዩነቱ ወሰን ያጣል። ፖርፊራ ፐርፑሪያ የተባለው ቀይ የባሕር አልጌ በክሎሮፕላስቱ ወደ 250 ጂኖች ይዞ አንድም ኢንትሮን የለውም። በተቃራኒው በረጋ ውኃ ውስጥ የሚኖረው ዩግሊና ግራሲሊስ አለ። ሪቻርድ ሃሊክና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. የክሎሮፕላስት ጂኖሙን ሙሉ አንብበው ሲያወጡ ከ143 ሺህ ፊደላቱ ከሲሶ በላዩ ኢንትሮን ሆኖ ተገኘ፤ ቁጥራቸውም ከ150 በላይ ነው። ኢንትሮን በኢንትሮን ውስጥ የገባበት ቦታ እንኳ አለ፤ የውስጡ ካልወጣ የውጪው አይወጣም። ክላሚዶሞናስ የሚባለው አረንጓዴ አልጌ ደግሞ ፒኤስኤ-ኤ የተባለውን ጂኑን ሦስት ቦታ በታትኖ አስቀምጦታል።

ሙያው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጂን የሚለዩ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ቀድሞ ከተመዘገበ ጂኖም ጋር እያመሳከሩ ነው፤ የቀደመው መዝገብ ከተሳሳተ ስህተቱ ይወረሳል። ጥንቁቅ ባለሙያ የኢንትሮኑን ዳር ራሱ ያያል። ሁለተኛው ምድብ ተብለው የሚጠሩት ኢንትሮኖች በአብዛኛው ጂ-ቲ-ጂ በሚል የፊደል ተርታ ስለሚጀምሩ ወሰኑን በዚያ ይጠረጥራል፤ ማረጋገጫው ግን አርኤንኤው ነው። አርኤንኤ አንብቦ ከዲኤንኤው ጋር ያላስተያየ ሰው ስለ ወሰኑ በእርግጠኝነት ባይናገር ይሻላል።

ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ሆለታ ነው፤ አምቦም ዩኒቨርሲቲ አላት። በመካከላቸው የኑግ ማሳ አለ፤ ማሳው ውስጥ የኑግ የዱር ዘመድ የሆነው መጭ እንደ አረም ይበቅላል፤ ከፍ ሲባል ደግሞ የደንዲ ሐይቅ ከነአልጌው አለ። በእነዚህ ከተሞች የምትማሩ ወጣት ተመራማሪዎች፣ ከአንድ ማሳ የኑግና የመጭ ለጋ ቅጠል አብራችሁ ልቀሙ፤ በሲሊካ ጄል አድርቁት፤ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት። ጂኖሙን አንብባችሁ ለዓለም የጂኖም መዝገብ ከመላካችሁ በፊትም የፔት-ቢን ስድስት ፊደላት በዓይናችሁ ፈልጉ።