ከመዝሙር ወደ ጸሎት

ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ አንድ ቅጠል ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ 9 መስመር ተጽፎበታል፦ መክፈቻ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ንባብ፣ ምስክርነት፣ መዘምራን፣ ስብከት፣ መባ፣ ማስታወቂያ፣ መዝጊያ ጸሎት። ከየመስመሩ ጎን ደቂቃ ተመድቦለታል። ለምስክርነት 10 ተጽፎ ተሰርዞ 15 ሆኗል።

የወረቀቱ ባለቤት በጌዴኦ፣ ገደብ ወረዳ ውስጥ ቡና የሚያለማ ወጣት ነው። ሰባኪ አይደለም፣ ሽማግሌም አይደለም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሑድ ፕሮግራም ይመራል። እኔ እንግዳ ነኝ፤ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጁንና አፉን እከታተላለሁ።

የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ተቀምጠዋል። ወጣቱ አትሮንሱ ጋ ቆሞ ጫጫታው እስኪረጋ ጠበቀ፣ ከዚያ መዝሙሩን አነሣ። ከፍ አድርጎ ነበር የጀመረው። ሴቶቹ ዝቅ ባለው ድምፅ ተቀበሉት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳያቋርጥ ወደ እነሱ ወረደ። ጉባኤውን ወደ ራሱ ድምፅ ሊጎትት አልሞከረም።

ንባቡ መዝሙር 121 ነው፣ 8 ቁጥር። የመጀመሪያው ቁጥር በጥያቄ ያልቃል። ብዙ አንባቢ ጥያቄውንና መልሱን በአንድ ትንፋሽ ያያይዘዋል። እሱ ጥያቄው ላይ ቆመ። አንድ ሙሉ ትንፋሽ ሳበ። ሁለተኛውን ቁጥር ያነበበው ከዚያ በኋላ ነው።

የፕሮግራም መሪ ሙያ የሚለካው ክፍሎቹ በሚጋጠሙበት ቦታ ይመስለኛል። መዝሙሩን ሕዝቡ ይዘምረዋል፣ ስብከቱን ሰባኪው ይሰብከዋል። ለመሪው የሚቀረው መሃሉ ነው። «አሁን ወደሚቀጥለው ፕሮግራም እናልፋለን» የሚባልበት ቦታ ማለቴ ነው። ይህ ወጣት ያንን ዓረፍተ ነገር አንድም ጊዜ አልተናገረም። የመጨረሻው አዝማች ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘመር ከበሮ መቺውን አየው። ከበሮው ቆመ። ድምፁን እየቀነሰ ዐይኑን ጨፈነ፣ ጸሎቱም መዝሙሩ ካቆመበት ድምፅ ተነሣ። የቱ ጋ መዝሙሩ አልቆ የቱ ጋ ጸሎቱ እንደ ጀመረ ለይቼ ማመልከት አልችልም። የጌዴኦ ገበሬ ከእንሰቱና ከቡናው በላይ የሚያቆየውን የዛፍ ጥላ ልኩን ያውቀዋል፤ ከበዛ ቡናው አያፈራም። የዚህ ልጅ ንግግርም እንደዚያ ልክ ነበረው።

ምእመን አምልኮ ሲመራ ማየት በኦርቶዶክስ ሥርዓት ላደገ ሰው እንግዳ ነገር ነው። እዚያ ቅዳሴ ቢያንስ 5 ልዑካን ይፈልጋል። በደቡብ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን ነገሩ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ የውጭ ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተዉት 48 ያህል የተጠመቀ አማኝ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ጠበቃቸው። በመካከሉ ጸሎቱን የመሩት ገበሬዎች ነበሩ። ከወላይታ የተነሡ ወንጌላውያን ጌዴኦንም ደርሰዋል።

አንዲት አሮጊት ለምስክርነት እንደ ቆሙ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ። አሮጊቷ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ዝም አሉ። ወጣቱ አልጮኸም፣ «ይቀመጡ»ም አላላቸውም። ከመድረኩ ወርዶ አጠገባቸው ቆመና ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር ጀመረ። ሦስት ጊዜ ዞሩበት። ዝናቡ ሲሳሳ መዝሙሩን በእጁ ዝቅ አደረገ፣ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ ብሎ በጌዴኡፋ ቋንቋ አንድ ነገር አላቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ተረጎመልኝ፦ «እናቴ፣ ልጅዎ ከሆስፒታል የወጣበት ቀን ጋ ነበር ያቆሙት።» አሮጊቷ ከዚያው ቃል ቀጠሉ።

ይህን ቦታ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ዝናቡ ሊመጣ እንደሚችል ወረቀቱ ላይ የለም። የአሮጊቷን የመጨረሻ ቃል መያዝ የሚቻለው ከልብ ሲያዳምጡ ብቻ ነው፤ የራሱን ቀጣይ መስመር እያሰበ የነበረ ሰው አይዘውም።

ስብከቱ፣ መባው፣ ማስታወቂያው በየተራቸው አለፉ። ፕሮግራሙ ከተመደበለት ሰዓት በ20 ደቂቃ ያህል አለፈ፤ ማንም ሰዓቱን አላየም።

ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። በኋላ እንደ ነገሩኝ የወጣቱ እሸት ቡና ከቤቱ አጠገብ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር በር በሩን አላየም። ከወንዶቹ ወገን አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ሲወጡ አይቻለሁ፤ ሲመለሱ ጋቢያቸው ርሶ ነበር። ወጣቱ መዝጊያውን ጸልዮ እየሮጠ ቤቱ ሲደርስ አልጋው ላይ ላስቲክ ተዘርግቶ አራቱም ማዕዘን በድንጋይ ተይዟል።