የስምንት ሚሊሜትር ሙያ

ጠመንጃው ሰደፉ መሬት ነክቶ ሲቆም ከሰው ትከሻ ይደርሳል፤ አንድ ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አፈሙዙ ብቻውን 107 ሴንቲሜትር ነው። ውጪው ስምንት ማዕዘን ሲሆን፣ ከአንዱ ገጽ እስከ ተቃራኒው 20 ሚሊሜትር ያህል ይለካል። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት ግን ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትንሿ ጣት እንኳ አትገባበትም። ዙሪያውን ያለው የብረት ግድግዳ 6 ሚሊሜትር ይወፍራል።

የተሠራው በአሜሪካ፣ በአፓላቺያ ተራሮች፣ ለሽኮኮ አደን ነው። የአሜሪካው ግራጫ የዛፍ ሽኮኮ ግማሽ ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ውሎው በሂኮሪና በኦክ ዛፎች አናት ላይ ነው፤ የሚታደነውም ለድስት ነው። ለአጋዘን በተሠራ ጠመንጃ ቢመቱት ለድስት የሚተርፍ ሥጋ አይገኝም። ስለዚህ ጥይቱ ትንሽ፣ ዒላማውም ጭንቅላት መሆን አለበት። የወጪ ነገርም አለበት። 12.7 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላለው ጠመንጃ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ከ454 ግራም ማለት ነው፣ 40 ያህል ድቡልቡል ጥይት ይወጣል። ለባለ 8 ሚሊሜትሩ ከ150 በላይ ይወጣል። ባሩዱም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ተኩስ 1.3 ግራም ገደማ ይበቃዋል። እርሳስና ባሩድ ከሩቅ ተጭኖ በሚመጣበት ተራራ ይህ የዋዛ ሂሳብ አልነበረም።

የዘር ሐረጉ ከጀርመን ይነሳል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፔንሲልቬኒያ፣ በላንካስተር አካባቢ የሰፈሩ ጀርመናውያን አንጥረኞች አጭሩንና ቀዳዳ ሰፊውን የአገራቸውን ጠመንጃ አስረዘሙት፣ አጠበቡትም። የላንካስተሩ ሥራ የናስ ጌጥና የቅርጽ ሥራ የበዛበት ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙትም እሱን ነው። እኔ የምወደው ግን የደቡቡን፣ የቴነሲና የሰሜን ካሮላይና ተራሮችን ጠመንጃ ነው። እዚያ የጠመንጃ ሠሪው ማረሻም ይስላል፣ ፈረስም ያጫማል። ናስ ከሚገዛ ብረቱን ራሱ ቀጥቅጦ ይጠቀማል። ጌጥ የለም፤ ስለዚህ ስህተት የሚሸሸግበት ቦታም የለም።

ሥራው ከጠፍጣፋ ብረት ይጀምራል። አንጥረኛው ረጅሙን ጠፍጣፋ ብረት በቀጭን ዘንግ ዙሪያ ይጠቀልለዋል። ከዚያ ቦራክስ የተባለ ዱቄት እየነሰነሰ፣ ነጭ እስኪሆን እያጋለ፣ ጠርዝን ከጠርዝ በመዶሻ ያዋህዳል። ብረቱ ቶሎ ስለሚበርድ በአንድ ግለት የሚጣበቀው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ብረቱ እንዳይጣበቅበት ዘንጉን በየጊዜው ፈጥኖ ያወጣዋል። ከዚያ እንደገና ወደ ወናፉ። አንድ ቦታ ላይ ቆሻሻ ከገባ አፈሙዙ አንድ ቀን ባለቤቱ ፊት ላይ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ቀዳዳውን ማስተካከል ነው። ትንሹ ቀዳዳ ከትልቁ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መሰርሰሪያው ከአንድ ሜትር በላይ መሄድ አለበት፤ ውፍረቱ ግን ከ8 ሚሊሜትር በታች ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘንግ ይርገበገባል፣ ይንሸዋረራል። የተጣመመውን ለማወቅ አንጥረኛው ቀጭን ክር በቀዳዳው ውስጥ ወጥሮ በአንድ ዓይኑ ያያል። ክሩ ከግድግዳው የሚርቅበትን ቦታ ምልክት አድርጎ አፈሙዙን በመዶሻ ያቃናል።

ከዚያ ቦይ ማውጣት ይመጣል። ጥይቱ እየተሽከረከረ እንዲወጣ የውስጡ ግድግዳ ጠመዝማዛ ቦዮች ይወጡለታል። መሣሪያው በአብዛኛው እንጨት ነው፤ ረጅም አግዳሚ፣ በላዩ ጠመዝማዛ ጉብታ የተቀረጸበት ግንድ፣ ከግንዱ ጫፍ የተሰካ የሂኮሪ ዘንግ። በዘንጉ ጎን ጥቃቅን ጥርስ ያላት አጭር ብረት ተቀብራለች። አንጥረኛው ሲገፋና ሲስብ ግንዱ በጉብታው እየተመራ ይዞራል፤ ዘንጉም አብሮት ይዞራል። ብረቷ በአንድ ምልልስ የምታነሳው ትቢያ የሚያህል ነው። አንዱ ቦይ ሲበቃው ግንዱ ወደ ቀጣዩ ምልክት ይዞራል። ብዙ ጊዜ ቦዮቹ ሰባት ናቸው፤ ቁጥሩ ጎደሎ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቦይ ትይዩ ሌላ ቦይ ሳይሆን ያልተነካ ግድግዳ ይመጣል። ሰባቱ ሲዳረሱ ዘንጉ ይወጣና ከብረቷ ሥር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትገባለች። ወረቀቷ ብረቷን በራሷ ውፍረት ያህል ከፍ ታደርጋታለች። እንደገና ሰባቱም ይዳረሳሉ። እንደገና ወረቀት። ቦዩ ሩብ ሚሊሜትር ያህል እስኪጠልቅ ሥራው በዚሁ ይቀጥላል።

የቦዮቹ መጠምዘዝ ልክ ብዙ ጊዜ በ122 ሴንቲሜትር አንድ ዙር ነው። አፈሙዙ 107 ሴንቲሜትር በመሆኑ ጥይቷ አንድ ሙሉ ዙር እንኳ ሳትዞር ትወጣለች። ለድቡልቡል ጥይት ግን ይህ ይበቃል።

አሁን ሲጎርስ እንየው። መጀመሪያ የተመጠነው ባሩድ በአፉ ይፈስሳል። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ በሞራ ወይም በምራቅ የራሰ፣ እንደ አቡጀዲ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ይነጠፋል። ጥይቷ በላዩ ትቀመጣለች። ስፋቷ 7.87 ሚሊሜትር ነው፤ ቀዳዳው በትክክል ሲለካ 8.13። ስለዚህ በዙሪያዋ የሚተርፈው ክፍተት 0.13 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጨርቁ ደግሞ 0.38 ይሆናል፤ የክፍተቱ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። እንዴት ይገባል? የጨርቁ ድርና ማግ ይጨመቃል፤ የተረፈው ወደ ቦዮቹ ይገፋል። እርሳሱ ብረቱን ፈጽሞ አይነካም። ቦዩን የሚይዘው ጨርቁ ነው፤ ጥይቷን የሚያሽከረክረውም እሱ። በአውራ ጣት ተጭነው ሲያስገቧት ጨርቁ እንደ አበባ ዙሪያውን ይሰበሰባል፤ የተረፈው በቢላዋ ከጫፉ ጋር እኩል ይቆረጣል። ከዚያ የሂኮሪው መጎስጎሻ አንድ ወጥ በሆነ ግፊት እስከ ባሩዱ ያወርዳታል። ግፊቱ መሃል ላይ ከላላ ወይም ከጠበቀ አፈሙዙ እንከኑ ያለበትን ቦታ ነገረዎት ማለት ነው።

ከተኩስ በኋላ የተተኮሰው ጨርቅ ከሣሩ ውስጥ ይፈለጋል። ክብ ሆኖ፣ ጠርዙ ብቻ ተበጣጥሶ ከተገኘ ልኩ ትክክል ነው። መሃሉ ከተቃጠለ ቀጭን ነበር። ጎኑ በስለት የተቆረጠ ከመሰለ የአፈሙዙ ጫፍ አልተለሰለሰም። ትንሽ ቀዳዳ ቶሎ በባሩድ ጥቀርሻ ስለሚዘጋ፣ በየተኩሱ መሃል በእርጥብ ጨርቅ መወልወልም አለበት።

ሁለት አፈሙዝ አንድ ስለማይሆን፣ ሠሪው ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱን የጥይት ቅርጽ ማውጫ አብሮ ይሠራለታል። ዓመታት አልፈው ቦዮቹ ሲያልቁ ጠመንጃው አይጣልም። በዘንግ ጫፍ ዙሪያ እርሳስ በራሱ በአፈሙዙ ውስጥ ይፈስሳል፤ እርሳሱ የቦዮቹን መልክ ይይዛል። ባለ ጥርሷ ብረት እሱ ላይ ትሰካለች። እንግዲህ አሮጌው ቦይ ራሱ እየመራት ይታደሳል። ቀዳዳው በመጠኑ ይሰፋል፣ አዲስ የጥይት ቅርጽም ይሠራለታል። በ8 ሚሊሜትር የተወለደ ጠመንጃ የልጅ ልጅ እጅ ሲገባ 9 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እንጨቱ ሜፕል ወይም ዎልነት ነው። ሜፕሉ በውስጡ የሚተጣጠፍ ጭረት ካለው ይመረጣል። ብረት የሟሟበት ናይትሪክ አሲድ ተቀብቶ በጋለ ብረት አጠገብ ሲሞቅ ቀይ ዳማ ይሆናል። ጭረቱ ላይ የእንጨቱ ቃጫ ጫፉን ወደ ላይ ስለሚያሳይ አብዝቶ ይጠጣል፣ አብዝቶም ይጠቁራል። ላዩ በተልባ ዘይት ይታሻል። ጠመንጃውን በእጅ ሲያገላብጡት ጥቁሩና ብሩሁ ቦታ ይለዋወጣሉ። በአፈሙዙ ግራና ቀኝ ያለው የእንጨት ከንፈር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብረቱ በእንጨቱ የሚቀበረው በጥቀርሻ ነው፤ ብረቱ ጥቀርሻ ይቀባና ይቀመጣል፣ ይነሳል። እንጨቱ የጠቆረበት ቦታ በመሮ ይነሳል። ሁሉም ቦታ እኩል እስኪጠቁር ይህ ይደጋገማል።

ባሩዱን የሚለኩሰውን የባልጩት እሳት መጫሪያ ብዙዎቹ ሠሪዎች ከእንግሊዝ የመጣ ይገዙ ነበር፤ ይህን ነቀፌታ አድርጌ አላየውም። ምላጮቹ ሁለት ናቸው። የኋለኛው ሲሳብ ጸደይ ይወጠራል፤ ከዚያ ጣት በፊተኛው ላይ ሲያርፍ ይለቀቃል። ሰደፉ ላይ ለሞራ የሚሆን ክብ ጉድጓድ ተቦርቡሯል። የደቡቡ ጠመንጃ ጌጥ ከተባለ ይኸው ጉድጓድ ነው።

የሽኮኮ አደን ነገር ከተነሳ፣ የአእዋፍ ሠዓሊው ጆን ጄምስ ኦዱቦን እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳተመው መጽሐፉ አዳኙ ዳንኤል ቡን ሽኮኮውን ሳይነካ ከሥሩ ያለውን የዛፍ ልጥ መትቶ በንዝረቱ ብቻ ሲጥለው አየሁ ብሏል። ታሪክ አዋቂዎች ሁለቱ መገናኘታቸውን ይጠራጠራሉ። እኔም ቡንን ትቼ ጠመንጃውን ነው የማምነው፤ ከባዱ አፈሙዝ እጅን ያረጋል፣ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ረጅም ነው፣ ግፊቱም ትከሻ ላይ እምብዛም አይሰማም።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢያን ቴነሲ፣ ኖሪስ አካባቢ ወዳለው የአፓላቺያ ሙዚየም ብትሄዱ የእነዚህን ተራሮች ጠመንጃዎች ታገኛላችሁ። ርቃችሁ አትቁሙ። እሳት መጫሪያው ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ፈልጉ፤ ብረቱ ዙሪያውን ከእንጨቱ ጋር እኩል ገጥሞ የጢም ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት ከሌለው፣ የሠሪውን ሙያ ከዚያው መፍረድ ትችላላችሁ።