ፎቶሬክ ያገኛል፣ አይጠግንም

የእህቴ ሠርግ ማግስት የካሜራውን ሜሞሪ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው «ካርዱ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል መልእክት መጣ። ደርሶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ እንዴት ክው እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። «አይሆንም» የሚለውን ተጭኜ ካርዱን ነቀልኩ። ከዚያ ፎቶሬክን አወረድኩ። ዛሬ የምገመግምላችሁ እሱን ነው።

ፎቶሬክ ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒየ የሠራው ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ብልሃቱ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ካርዱን እንየው። ካሜራው ፎቶ ሲያስቀምጥ ምስሉን ራሱን ይጽፋል፤ በተጨማሪም «ይህ ፎቶ ከዚህ ይጀምራል፣ እዚያ ይቀጥላል» የሚል ማውጫ ይይዛል። ካርድ ተበላሸ ሲባል ብዙ ጊዜ የተጎዳው ማውጫው ነው። ፎቶ ስታጠፉም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ ፋት በሚባለው አሠራር በማውጫው ላይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በ229 ቁጥር ይተካል፣ ቦታውም እንደ ባዶ ይቆጠራል። ምስሉ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው አለ። (ስለዚህ እባካችሁ፣ በዚያ ካርድ አንድም ተጨማሪ ፎቶ አታንሱ!)

ፎቶሬክ ማውጫውን ከነጭራሹ አያምነውም። ገጾቹ የተበታተኑ የብራና መጽሐፍ ቢሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ቀይ ቀለም ትፈልጋላችሁ፤ አዲስ ክፍል የሚጀምረው እዚያ ነዋ። ጄፔግ ፎቶም የራሱ ቀይ ቀለም አለው፦ 255፣ 216፣ 255 በሚሉ ሦስት ባይቶች ይጀምራል። ፎቶሬክ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ እንዲህ ያሉ ምልክቶችን ያስሳል፤ ከ480 በላይ የፋይል ዓይነቶችን ይለያል። ካርዱ ላይ ደግሞ ምንም አይጽፍም። ይህን ጥንቃቄውን በጣም አደንቃለሁ።

ለማውጫው ባለማመኑ ግን ዋጋ ይከፍላል። የፋይሎቹ ስም የለም፤ ሁሉም የቁጥር ስም ይዘው በየፎልደሩ ይከመራሉ። ፎቶው የተነሳበት ቀን ብዙውን ጊዜ ምስሉ ውስጥ ስላለ መደርደሩ አይከብድም። እኔን ያናደደኝ ጥያቄው ነው፦ «ባዶውን ቦታ ብቻ ልፈልግ ወይስ ሙሉውን?» ማውጫው የተበላሸበት ሰው ሙሉውን መምረጥ አለበት፤ ለጀማሪ ግን ማን ይነግረዋል? ኪውፎቶሬክ የሚባለው በመስኮት የሚሠራው ቅጂም ቢሆን ይህን አያብራራም።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ቪዲዮ ላይ ነው። ፎቶሬክ ሲጨርስ ያገኛቸውን ፋይሎች ብዛት ይነግራችኋል። ቁጥሩን አይቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ፎቶዎቹ በአብዛኛው ደህና ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከግማሽ በታች ግራጫ ሆነዋል። ጄፔግ ምስሉን አጥብቆ ስለሚያሽገው መሃል ላይ ጥቂት ባይት ከጠፋ የቀረው ይፋለሳል። ቪዲዮዎቹ ውስጥ ግን የማይከፈቱ ነበሩ። ቪዲዮ ትልቅ ስለሆነ ካርዱ ላይ ተቆራርጦ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቁርጥራጮቹን የሚያገናኘው ደግሞ ፎቶሬክ ያላመነው ማውጫ ነው። እንዲህ ያለውንም ፋይል «ተገኘ» ብሎ ይቆጥረዋል። መገኘትና መዳን ለየቅል መሆናቸውን ጮክ ብሎ ሊናገር ይገባው ነበር።

ከሁሉም የፈለግነው አያቴ ሲመርቁ የተቀረጸውን ነበር። የካሜራው ባትሪ ያለቀው በዚያው መሃል ነው፤ ማውጫውም የተበላሸው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ካሜራዎች በኤምፒፎር ቪዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ ምስልና ድምፅ የት እንዳለ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ የሚጽፉት ቀረጻው ሲቆም ነው። የእኛው ቀረጻ በወጉ አልቆመም። ሥዕሉም ድምፁም አለ፣ ማንበቢያው ግን የለም።

ለዚህ ፎቶሬክ ምንም አይረዳም። አንትራንክ የሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌር ግን አለ፦ በዚያው ካሜራ፣ በተመሳሳይ ሴቲንግ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ ትሰጡታላችሁ፣ እሱን እያየ የተበላሸውን ሰንጠረዥ ይሠራል። የሙሽራዋን መኪና ስትደርስ የቀረጽኩትን ሰጠሁት። ምርቃቱ ተከፈተ። ሥዕሉ አልፎ አልፎ ይሰባበራል፤ የአያቴ ድምፅ ግን ባትሪው እስካለቀበት ቃል ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል።