ቀኝ እጇን እዩ

በቤቷ ኩቴክስ የተቀባች ሴት ሥራዋን አሳዪን ስትባል ብዙውን ጊዜ የምትዘረጋው ግራ እጇን ነው። ግራውን የቀባው የለመደው ቀኝ እጅ ስለሆነ ያምርላታል። እኔ ግን ፍርዴን የምጀምረው ከቀኙ ነው። ባልለመደ ግራ እጅ የተቀባው ቀኝ እጅ ከግራው እኩል ከጠራ፣ ያቺ ሴት ሙያው ገብቷታል። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ይሁን የሥጋ መልክ ያለው ሮዝ፣ ጠርሙሱ ውድ ይሁን ርካሽ፣ ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነው።

ዓይን ቀድሞ መሄድ ያለበት ወደ ጥፍሩ ሥር ነው። በጥሩ ሥራ ላይ ቀለሙ ቆዳውን አይነካም፤ ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች፤ መስመሩም የሥሩን ቅርጽ ተከትሎ ሳይንቀጠቀጥ ይዞራል። ይህች ክፍተት ለውበት ብቻ የተተወች አይደለችም። ቆዳ ላይ የፈሰሰ ቀለም እዚያው ይደርቃል፤ ቆዳው በእጥበትና በሥራ ሲለጠጥ ቀለሙን ከጥፍሩ ላይ ይዞት ይነሳል። በማግስቱ ከሥሩ መላጥ የጀመረ ኩቴክስ ሲያጋጥም ጠርሙሱ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው እዚህ ጋ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋም ችግር አለው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ሰፊ ክፍተት የተተወለት ቅብ ገና በዕለቱ የሰነበተ ይመስላል።

ይህን መስመር የሚያወጣው ብሩሹ ላይ ያለው የቀለም መጠን ነው። ብሩሹ ከጠርሙሱ ሲወጣ አንዱ ገጹ በጠርሙሱ አፍ ይጠረግ፤ በሌላው ገጽ አንዲት ጠብታ ትቅር። ከሥሩ ጥቂት ራቅ ብሎ መሃል ላይ ይረፍ፣ ቀስ ብሎ ወደ ሥሩ ይጠጋ፣ ከዚያ እስከ ጫፍ ይሳብ። አንዴ መሃሉን፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፤ በቃ። መድረቅ በጀመረ ቀለም ላይ እየተመላለሱ ማስተካከል ቦይ ቦይ ያደርገዋል። ተራው የቀኝ እጅ ሲሆን ሁለቱም እጆች ጠረጴዛ ላይ ይደገፉ። ብሩሹን የያዘው ግራ እጅ ትንሿን ጣት አስደግፎ ጸጥ ይበል፤ ከብሩሹ ሥር ቀስ እያለ የሚዞረው የሚቀባው ጣት ይሁን። ግራ እጅን ቀኝ እጅ እንዲሆን ከማስገደድ ይልቅ ሥራውን የሚያቀለው ይህ ነው።

ቀጥሎ ጣቱን ወደ ዓይን ደረጃ ከፍ አድርጎ ከጎን ማየት ነው። የጥፍሩ የተፈጥሮ ጉብታ ካልታየ፣ ቀለሙ በጠርዝ በጠርዙ ካበጠ፣ ቅቡ ወፍሯል። ኩቴክስ በዋናነት እንደ ኤቲል አሴቴትና ቡቲል አሴቴት ባሉ ቶሎ በሚተኑ ፈሳሾች ውስጥ የሟሟ ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ የሚደርቀውም ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ነው። ወፍራም ቅብ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና የውስጡን መውጫ ይዘጋበታል። ለዚህ ነው ማታ የደረቀ የመሰለው ጥፍር ጠዋት የአንሶላው ሽመና ታትሞበት የሚገኘው። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ሁልጊዜ ይበልጣል። የመጀመሪያው ሸርተት ሸርተት ያለና ጥፍሩ የሚታይበት ቢሆን አትደንግጪ፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ከዚያም ወደ መስኮት ጠጋ ብለሽ ነጸብራቁን ተመልከቺ፤ ሳይቆራረጥ ከሥር እስከ ጫፍ ከወረደ ገጹ ልሙጥ ነው። ጥቃቅን አረፋ ካለበት ምናልባት ጠርሙሱ ተንጧል፤ በሁለት መዳፍ መሃል ማንከባለል ይበቃዋል።

ሦስተኛው የምመረምረው ቦታ ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ የጥፍሩ ጫፍ ውፍረት። ጣቱን ፊት ለፊት ስታዪው በዚያች ቀጭን ጠርዝ ላይም ቀለም ካለ ባለሙያ እጅ ነክቶታል። ሽንኩርት በሚከተፍበት፣ ልብስ በእጅ በሚታጠብበት ቤት ቀድሞ የሚሸረፈው ይህ ጠርዝ ነው። ከቀለሙ በላይ የሚደረበው ውሃ መልክ ቅብም ይህን ጠርዝ አብሮ መክደን አለበት። ቀኝ እጅ ደግሞ ሌላም ፈተና አለበት፤ እንጀራ የሚቆርሰው እሱ ነው። ፈዛዛ ቀለም የተቀባ ጥፍር የአልጫውን እርድ ይጠጣል፤ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ የምትወድ ሴት የላዩን ቅብ ባትዘል ይሻላታል። ከሥር የሚቀባው ቤዝ ተዘልሎ እንደሆነ ደግሞ የሚታወቀው ሲለቀቅ ነው፤ ደማቅ ቀለም ጥፍሩን ቢጫ አድርጎት ይሄዳል።

የእንሶስላና የሂና ፍርድ የተለየ ነው። እነሱ ጥፍሩ ውስጥ ስለሚገቡ የሚመዘኑት በቀለማቸው ጥልቀት ነው። ኩቴክስ ግን ጥፍሩን ይሸፍናል፤ ውሃም አያሳልፍም፤ ለዚህ ነው ውዱእ የሚያደርጉ ብዙ ሴቶች ሂናን የሚመርጡት።

ስለ ዝግጅት አጭር ነገር ልበል። ጥፍር ውሃ ይጠጣል፤ ከእጥበት በኋላ ወዲያው የተቀባ ጥፍር ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ ቀለሙ ይላቀቃል። ይድረቅ፣ ከዚያ አሴቶን በነካ ጥጥ ቅባቱ ይጠረግ። የሥሩ ቆዳ ጥፍሩን ከቁስለት ይጠብቃልና አይቆረጥ፤ ለስልሶ ሳለ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል። ቆዳ የነካ ቀለም ጥጥ በተጠቀለለበት ስቴኪኒ ቢጠራ ነውር የለውም። በጥፍሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሁሉ ነጥቶና ደርቆ ካየሁ ግን መስመሩ የወጣው በብሩሽ ሳይሆን በአሴቶን መሆኑን አውቃለሁ። ጠርሙስ ውስጥ የወፈረ ኩቴክስ ላይ አሴቶን ጠብ ማድረግም ድምቀቱንና ጥንካሬውን ይገድለዋል። ኩቴክስም አሴቶንም እሳት በቀላሉ የሚይዛቸው ናቸውና ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ ከቶ አትቀቢ፤ መስኮትም ክፈቺ።

የመጨረሻውን ፍርድ የምሰጠው ከተቀባ በአራተኛው ቀን ገደማ ነው። ጫፉ ትንሽ የሳሳ ቅብ ለእኔ ጥሩ ሥራ ነው፤ ሥራ የሚሠራ እጅ ላይ ያለመሳሳት አይጠበቅም። ከሥሩ በንጣፍ የተነሳ ግን ወድቋል። ያን ጊዜ በጥርስ ወይም በምላጭ አትፋቂው፤ ከቀለሙ ጋር የጥፍሩ የላይኛው ንጣፍ አብሮ ይነሳል። በአሴቶን የተነከረ ጥጥ ጥፍሩ ላይ ጥቂት ሰከንድ ጫን አድርገሽ ያዢ፣ ወደ ጫፍ ጥረጊ፣ ያንን አንድ ጥፍር ከመጀመሪያው ጀምረሽ ቅቢ።