ቁጥር 70 እና የአለቃ ፍርሃት፦ የሆፍስቴድ መለኪያ ደብረ ታቦር ላይ ይሠራል?

የጌርት ሆፍስቴድን ስም ከኢትዮጵያ ጋር አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ «የሥልጣን ርቀት፦ 70» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ባጭሩ፣ ኢትዮጵያውያን የአለቃን የበላይነት ያለ ብዙ ጥያቄ ይቀበላሉ ማለት ነው። ደብረ ታቦር ላይ የሚማር የማኔጅመንት ተማሪ ስለ ከተማው ሠራተኞች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ይህን ቁጥር መግቢያው ላይ ቢያስቀምጠው ማንም አይገርመውም። እስቲ ዛሬ እንገረም። ለመሆኑ ማንን ጠይቀው ነው 70 ያሉን?

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ሆፍስቴድ (1928–2020 እ.ኤ.አ.) የኔዘርላንድስ ምሁር ነበር። አይ.ቢ.ኤም. በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ ኩባንያው ከ1967 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. በብዙ አገሮች ላሉት ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው መጠይቅ ያስሞላ ነበር። ከ116,000 በላይ መጠይቆች በ20 ቋንቋዎች ተሞሉ። የሆፍስቴድ ብልሃት ቀላልና ጥሩ ነበር። ኩባንያው አንድ ነው፣ ሥራውም ተመሳሳይ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከአገር አገር ከተለያየ ልዩነቱ የመጣው ከአገሩ መሆን አለበት አለ። ውጤቱን በ1980 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። በማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ በብዛት ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱም ሆነ።

የመጀመሪያው ትንተና 40 አገሮችን ይዞ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን አልነበረችበትም። በኋላ መረጃው ሲሰፋ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ረድፍ ውስጥ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ገባች። የረድፉ ውጤት 64 ነው። ሆፍስቴድ በመጽሐፎቹ ሠንጠረዥ ላይ ያስቀመጠው ይህንኑ 64 ነው፣ ያውም ለአራት አገር በጋራ። 70 ኢትዮጵያን ብቻዋን ነጥሎ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ቁጥር ነው።

ደግሞ 64ም ሆነ 70 ከ100 የተሰጠ ማርክ እንዳይመስላችሁ። በሆፍስቴድ ሠንጠረዥ ላይ ኦስትሪያ 11 ስታገኝ ማሌዥያ 104 አግኝታለች።

ቀመሩን እንፍታው

ይህ ሁሉ ዝና ያለው መለኪያ የቆመው በሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንደኛው፣ ሠራተኞች ከአለቃቸው ጋር አለመስማማታቸውን ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ይፈራሉ? መልሱ ከ1 (በጣም ብዙ ጊዜ) እስከ 5 (በጣም አልፎ አልፎ) ነው። ሁለተኛው፣ አለቃዬ ብቻውን ይወስናል የሚሉት ስንት በመቶ ናቸው? ሦስተኛው፣ ከመወሰኑ በፊት የሚያማክር አለቃ እመርጣለሁ የሚሉት ስንት በመቶ ናቸው?

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 135 ላይ ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ አማካይ በ25 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ የሁለተኛው መቶኛ ይደመራል፤ የሦስተኛው መቶኛ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ያህል ራሳችን ቁጥር እንፍጠር። የፍርሃቱ አማካይ 3 ይሁን፣ ሁለተኛው 50 በመቶ፣ ሦስተኛው 40 በመቶ። 135 ሲቀነስ 75፣ ሲደመር 50፣ ሲቀነስ 40፤ 70 መጣ! አሁን አማካዩን ብቻ ከ3 ወደ 3.24 እናድርገው። 64 ሆነ። ከ70 ወደ 64 ለመውረድ ከአምስቱ ደረጃዎች ላይ የአንድ ደረጃ ሩብ እንኳ አላስፈለገም።

ታዲያ አማካዩን ሩብ ደረጃ ለመግፋት ምን ይበቃል? አንድ ቃል። በአማርኛ «መፍራት» ሁልጊዜ መጥፎ ነገር አይደለም። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ይመሰገናል፤ ታላቁን የማይፈራ ልጅ «ስድ» ይባላል። አንድ ሠራተኛ «አለቃዬን እፈራለሁ» ሲል ይቀጣኛል ማለቱ ነው? አከብረዋለሁ ማለቱ ነው? ወይስ ይሉኝታ ይዞኛል ማለቱ? መጠይቁ ላይ ሦስቱም አንድ ቁጥር ይሆናሉ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ እየሰማ ያደገ ሰው በእርግጥ የሥልጣንን ነገር ያውቃል። ግን ይኸው ሕዝብ ሰምና ወርቅንም ያውቃል። ጌታው ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጅ ስለሚነሳው፣ በዝምታ ግን ፈሱን ስለሚለቀው ብልህ ገበሬ የሚነገረውን አባባል አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ስኮት በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የኢትዮጵያ ተረት ብሎ አስቀምጦታል። የዚያን ገበሬ ጀርባ ብቻ ያየ መጠይቅ 104 ይሰጠዋል።

ስንት ሰው፣ ምን ዓይነት ሰው?

ብሬንዳን መክስዊኒ የተባለ ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. በሆፍስቴድ ሥራ ላይ ጠንካራ ትችት አቀረበ። 116,000 የሚለው ቁጥር ትልቅ ይመስላል፤ ለየአገሩ ሲከፋፈል ግን አንዳንዱ ጋ በጣም ይሳሳል። ፓኪስታን ውስጥ በመጀመሪያው ዙር የጠየቁት 37 ሰው ነበር፣ በሁለተኛው 70። የናሙና ማነስ ምን እንደሚያደርግ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። 50 ሰው ጠይቃችሁ 50 በመቶው «አለቃዬ ብቻውን ይወስናል» ቢላችሁ፣ እውነተኛው መቶኛ ከ36 እስከ 64 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። የእኛ 70 በዚህ ምክንያት ብቻ ከ56 እስከ 84 ይዋዥቃል።

ሰዎቹስ እነማን ናቸው? የአንድ የውጭ ኩባንያ የቢሮ ሠራተኞች። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ግን ከጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች የሚያመርተው የፋርጣ ገበሬ አለ፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርተው አለ። ለእነሱ ሥራ ቦታ ማለት ማሳ ነው። በወንፈል ሲሠሩ ዛሬ እኔ ያንተ ማሳ ላይ እውላለሁ፣ ነገ አንተ የእኔ ላይ፤ አዛዥነቱም አብሮ ይዞራል። ያው ሰው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲገባ አንገቱን ይደፋ ይሆናል። የትኛውን ሰውዬ ነው የምንለካው?

ለሆፍስቴድም እንፍረድ

በ2001 እ.ኤ.አ. ፖል ስፔክተርና ባልደረቦቹ ሆፍስቴድ በ1994 ያዘጋጀውን አዲስ መጠይቅ በብዙ አገሮች ሞከሩት። ጥያቄዎቹ በግለሰብ ደረጃ አብረው እንደማይሄዱ፣ ማለትም አስተማማኝነታቸው ደካማ እንደሆነ አገኙ። ሆፍስቴድም መለሰ፦ መለኪያዬ አገርን ከአገር ለማነጻጸር ነው፣ ግለሰብን ለመለካት አይደለም አለ።

መልሱን ልብ በሉት። ከተቀበልነው፣ «የኢትዮጵያ ውጤት 70 ስለሆነ የደብረ ታቦር ሠራተኛ አለቃውን ይፈራል» የሚለው አረፍተ ነገር በራሱ በሆፍስቴድ አፍ ውድቅ ነው። የአገር አማካይ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ መሥሪያ ቤት አይናገርም።

«ባህላችን ነው» የሚሉት መሸሸጊያ

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ምንም አይደል። ግን አንዲት ነርስ በሌሊት ተረኛ ሆና የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ታዘዘ እንበል። አይታ ዝም አለች። ለምን? «ባህላችን ነው፣ 70 ነን» ካልን ጉዳዩ ተዘጋ። ምናልባት ግን ካሁን በፊት የተናገረችው ጓደኛዋ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ተመድባ ይሆናል። ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት አሠራር ነው፤ ሊስተካከልም ይችላል። ቁጥሩ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ የአለቃን ጥፋት የሕዝብ ጠባይ ያደርገዋል።

የሆፍስቴድ ጥያቄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ በተሻለ መንገድ እንጠይቀው። «ትፈራለህ ወይ?» ከማለት «ባለፉት ሦስት ወራት ስብሰባ ላይ የአለቃን ሐሳብ የተቃወመ ሰው ነበር? ከዚያስ ምን ደረሰበት?» ማለት ይሻላል።

ሰው እውነቱን ለመናገር ከፈራ ደግሞ በስታንሊ ዋርነር የ1965 እ.ኤ.አ. ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ዘዴ አለ። 100 ሠራተኞች ለየብቻቸው ሳንቲም ይወርውሩ። ጎፈር የወጣለት ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይበል፤ ዘውድ የወጣለት «ጥፋት አይቼ አለቃዬን ፈርቼ ዝም ብያለሁ?» ለሚለው እውነተኛ መልሱን ይስጥ። 70 ሰው «አዎ» አለ እንበል። ወደ 50 የሚሆኑት ሳንቲሙ ያስባላቸው ናቸው። ቀሪዎቹ 20 ደግሞ በእውነት ከመለሱት ወደ 50 ከሚጠጉ ሰዎች የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ዝም ያለው 40 በመቶ ገደማ ነው። አለቃው መልሱን ሁሉ ቢያነበው እንኳ የማን «አዎ» የሳንቲም፣ የማን የእውነት እንደሆነ ማወቅ አይችልም።

የምርምር ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ደብረ ታቦር ላይ መቶ ሰውና መቶ ሳንቲም ማግኘት አይከብድም።