ከጥላው የሚታወቅ ፎቶ

የትንሽ ቅርጽ ፎቶ ስመለከት ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ሳይሆን እግሩ ሥር ነው። ቅርጹ ጠረጴዛውን በሚነካበት መስመር ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን ጥላ አለ? ከሥሩ ጠቁሮ ወደ ውጭ እየሳሳ የሚሄድ ጥላ ካለ ሸክላው ክብደት አለው፤ ተቀምጧል። ጥላው ከሌለ ፎቶው የቱንም ያህል ጥርት ቢል ቅርጹ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከቅርጹ ጀርባ ያለውን በስልክ ቆርጠው ነጭ የሚያደርጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚያጡት ይህንኑ ጥላ ነው።

ጥላ ማየትን ያስተማረኝ ከወለቃ የገዛሁት ጥቁር የሸክላ አንበሳ ነው። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው ያስጠሯት መንደር ናት። አንበሳው፣ የዳዊት ኮከቡ፣ በአንድ አልጋ የተኙት ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ከእነሱ እጅ የወጡ ናቸው። አብዛኞቹ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ቅርጾቹ ግን ዛሬም በየቤቱ መደርደሪያ ላይ አሉ። የእኔው አንበሳ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ለዓመታት ያነሳሁትም በስልኬ ፍላሽ ነበር። አንድ ማታ የጠረጴዛ መብራቱን በግራ ጎኑ፣ ከራሱ ጥቂት ከፍ አድርጌ ሳቆመው፣ አይቼው የማላውቀው የአውራ ጣት ምልክት ደረቱ ላይ ብቅ አለ። የሠራችው ሴት ጭቃውን የተጫነችበት ቦታ ነው።

የስልክ ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ስለሚወጣ ጥላውን ሁሉ ከቅርጹ ኋላ ይደብቀዋል። የጎን ብርሃን እያንዳንዱን ጭረት በአንድ ወገን አብርቶ በሌላው ያጠቁረዋል። ስለዚህ የአንበሳ ፎቶ ሲያሳዩኝ የጋማውን ጭረት መቁጠር እችል እንደሆነ እሞክራለሁ።

የጎን ብርሃን መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም። ራቁቱን የተተወ ትንሽ አምፖል ጠርዙ እንደ ምላጭ የተሳለ ጥላ ይጥላል፤ የአፍንጫው ጥላ አፉን ይበላዋል። ብርሃኑ ከቅርጹ አንጻር ሲሰፋ ጥላው ይለዝባል። ሰሜን የሚያይ መስኮት ላይ የተጋረደ ነጠላ ውድ ዕቃ የሚሠራውን ያህል ይሠራል። በማዶ በኩል ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጥላው የሚመልስ ነጭ ካርቶን ማቆም ነው። ብልሃቱ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. ከ1844 ጀምሮ ባሳተመው «ዘ ፔንስል ኦፍ ኔቸር» የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና የሆነውን የፓትሮክለስን ቅርጽ ፎቶ አቅርቦ፣ የፀሐይ ጥላ ሲበረታ በማዶ ነጭ ጨርቅ ያዙ ሲል መክሯል። ካርቶኑ በጣም ከተጠጋ ግን ጥላው ይሞታል። ሁለት እኩል መብራት ግራና ቀኝ አቁሞ ሁለት ጥላ ያስጣለ ፎቶ ከሆነ እኔ ወዲያው አልፈዋለሁ።

ጥቁር ሸክላ የተለየ ፈተና አለው። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር አንበሳውን አመድ ያስመስለዋል። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ብርሃኑን ሆን ብሎ ይቀንሳል። ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ፣ በለሰለሰው ጀርባ ላይ ረጅም ፈዛዛ የብርሃን መስመር ይተኛል። በዚያ መስመር ፈንታ ነጭ ነጥብ ካዩ አምፖሉ ሳይሸፈን ቀርቷል። አንዱ ጎን ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ መስኮትና አምፖል ተደባልቀዋል፤ አንዱን ማጥፋት ነው።

የጥበብ ታሪክ ሊቁ ሃይንሪሽ ቮልፍሊን እ.ኤ.አ. በ1896 ቅርጽ ፎቶ የሚነሳው ከዋናው ገጽታው ፊት ለፊት መሆን አለበት ብሎ ጽፏል። ለቆመ ሐውልት እስማማለሁ። በእጅ እየተገላበጠ ለሚታይ ሸክላ ግን ጥቂት ዞር ማለቱ ይሻላል፤ የጎድኑ ክብ የሚታየው ያኔ ነው። ስልክን አስጠግቶ ማንሳት አፍንጫውን አሳብጦ ጆሮውን ያሳንሳል፤ ራቅ ብሎ በሁለት እጥፍ ሌንስ ማንሳት ይህን ያስቀራል።

በመጨረሻ የማየው ልኩን ነው። ካሜራውን ከታች አድርገው መዳፍ የሚሞላውን አንበሳ የአደባባይ ሐውልት የሚያስመስሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ትንሽነቱ እንዲታይ እፈልጋለሁ። ለዚህ ስል አንበሳዬን ጋቢ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ የፈትሉን ውፍረት የሚያውቅ ሁሉ የአንበሳውን ቁመት ያለ ማስመሪያ ይለካዋል።