አንድ ዘፈን በሦስት አፍ

አንድ ዘፈን በባለቤቱ አንደበት ከተሰማ በኋላ ሌላ ሰው መልሶ ሲያዜመው፣ ከአድማጮች እኵሌቶቹ «ቅጂ ምን ይረባል» ብለው ይንቁታል፤ እኵሌቶቹም አዲሱን ወደው የፊተኛውን ይረሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን ከብዙ ደስታ እንደ ከለከሉ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናቀርባለን። ዓመታቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በካናዳ አገር በሞንትሪያል የተወለደው ባለቅኔ ሌናርድ ኮኸን በ1984 ዓ.ም. «ሃሌ ሉያ» የሚባል ዘፈን በሸክላ አወጣ። ነገሩም ከቅዱስ መጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ ይኸውም የዳዊት ዜማ፣ የቤርሳቤህ መታጠብ፣ የሶምሶን ጠጕር መቈረጥ ነው። ኮኸን በወፍራም ድምፁ እንደሚናገር ሆኖ ያዜማል፤ ተቀባዮቹም ሃሌ ሉያውን ከፍ አድርገው ይመልሱለታል። በፍጻሜውም ሰውዬው፣ ምንም እንኳ ነገሩ ሁሉ ባይሰምርለት፣ ምስጋናን ብቻ በአፉ ይዞ በዜማ ጌታ ፊት ይቆማል።

በ1991 ዓ.ም. የዌልሱ ተወላጅ ጆን ኬል ዘፈኑን በፒያኖ ብቻ አዜመው። ኮኸን ከጻፋቸው ብዙ ስንኞች ሌሎቹን መርጦ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቤቶች ተወ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ጄፍ በክሊ የኬልን መንገድ ተከትሎ በጊታር አወጣው። ድምፁ ከሹክሹክታ ተነሥቶ እስከ ልቅሶ ይደርሳል፤ በኮኸን ዘፈን በተቀባዮቹ ድምፅ ተሸፍኖ የነበረው ኀዘን በዚህ ዕራቁቱን ወጣ። ይህን የሰጠን ቅጂው ነው፤ ስለዚህ ልናመሰግነው ይገባል።

ነገር ግን በዜማ ጌታ ፊት የሚቆመው ሰው በበክሊ ዘፈን የለም፤ ቁስሉ ቀርቶ መሥዋዕቱ ሄዷል። 50ኛውን መዝሙር የሚደግም ሰው ግን የዳዊት ለቅሶ በተሰበረ ልብ ብቻ እንዳላለቀ፣ እስከ መሥዋዕቱም እንደ ደረሰ ያውቃል።

«የምስጋናን ቃል ለሥጋዊ ፍቅር ማዋል ነውር ነው» የሚል ካህን ቢኖር፣ ነቀፌታው ቀላል አይደለም፤ ዘፈኑም ለቤተ መቅደስ የተሠራ አይደለም። ሆኖም ይህን የሚሰጋ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የፊተኛውን ይስማ፤ ቃሉ ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው በዚያ ነውና። በ1 ሳምንት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር የገበያ ተራ የአሌክሳንድራ በርክ ቅጂ 1ኛ፣ የበክሊ 2ኛ ሲሆኑ፣ የባለቤቱ 36ኛ ነበረ። እንግዲህ ብዙ ሰው ዘፈኑን ያወቀው ፍጻሜውን ሳይሰማ ነው ማለት ነው።

የእኛ ሊቃውንት በማኅሌት አንዱን ቃል በቁም ዜማ ካደረሱ በኋላ በዝማሜ፣ በመረግድ፣ በጽፋትም ይመላለሱበታል። ጽፋቱ ስለ ደመቀ ቁሙን የሚንቅ የለም፤ ቁሙን ስለ ወደደም በጽፋቱ ጊዜ እጁን አጥፎ የሚቆም የለም። በዘፈንም ዳኝነታችን እንዲሁ ይሁን፤ ሁለተኛው ምን ጨመረ፣ ምንስ አስቀረ ብለን እንጠይቅ። ይህንም ለመጠየቅ የሚችል ሁለቱንም የሰማ ብቻ ነው።